መርፌና ቃል
(በሳሊተ ምሕረት አካባቢ በጤና ድርጅቶች ለሚሠሩ የማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የሕፃናትን ክትባት ያለ ጉዳት ስለ መስጠትና ወላጆችን ስለ ማረጋጋት» የሚል ነው። ርእሱ ላይ ላዩን ሲታይ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን የያዘ ይመስላል። አንደኛው የሙያ ጉዳይ ነው፤ ብልቃጥ፣ መርፌ፣ ማቀዝቀዣ፣ መጠን፣ የሚወጋው የሰውነት ክፍል። ሁለተኛው ግን የጠባይና የአነጋገር ጉዳይ ተደርጎ ይታያል፤ ፈገግታ፣ ትሕትና፣ ማጽናኛ። ስለሆነም ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን በሰፊው እየተማርነው፣ ሁለተኛው «እናቲቱን አረጋጉ» በሚል አጭር ምክር ይታለፋል።

የዛሬው ንግግሬ ዓላማ እነዚህ ሁለቱ አንድ ሥራ መሆናቸውን ማስረዳት ነው። እናት የምትረጋጋው ስላባበልናት አይደለም። በዐይኗ ያየችው አሠራር ጥንቁቅ ሲሆንና የነገርናት ነገር ቤቷ ከገባች በኋላ እውነት ሆኖ ስታገኘው ነው። እጃችን ጥንቁቅ ሳይሆን አንደበታችን ቢለሰልስ ማታለል ይሆናል፤ እጃችን ጥንቁቅ ሆኖ አንደበታችን ቢዘጋ ደግሞ ያቺ እናት ለሁለተኛው ቀጠሮ ላትመለስ ትችላለች። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

የምንሠራበት አካባቢ

ሳሊተ ምሕረት ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚህ ቦታ ወደ ሲኤምሲ፣ ወደ ሰሚትና ወደ አያት ያለው የምሥራቅ አዲስ አበባ ክፍል በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከእርሻና ከግጦሽ መሬትነት ወደ ከተማነት የተለወጠ ነው። በዚህ የተነሣ በክትባት ቀን በአግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ወላጆች ኑሯቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። አንዷ በግል መኪና የመጣች፣ ከውጭ አገር ዘመዶቿ ጋር በየዕለቱ በስልክ የምትነጋገር ናት። ሌላዋ ባሏ በሕንፃ ሥራ ላይ የተሰማራ፣ ከገጠር ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ እናቷም ጎረቤቷም ሩቅ የሆኑባት ናት። ሦስተኛዋ የልጁ እናት ሳትሆን የቤት ሠራተኛ ናት፤ እናት መሥሪያ ቤት ስለ ገባች ካርዱን ይዛ የመጣችው እርሷ ናት። ሦስቱም የሚጠይቁት ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ «ይህ መርፌ ልጁን ምን ያደርገዋል?» የሚል ነው። ጥያቄውን አንዷ በግልጽ ትናገረዋለች፤ ሌላዋ በዝምታ ትይዘዋለች። የዝምተኛዋ ጥያቄ ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል።

ከወረስነው ታሪክ

«ክትባት» የሚለው ቃላችን «ከተበ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ትርጉሙም ጻፈ ማለት ነው። ልጅን ከክፉ ይጠብቃል ተብሎ በአንገት የሚታሰረው «ክታብ»ም የዚያው ሥር ውላጅ ነው። ዘመናዊው ክትባት ከመምጣቱ በፊትም በአገራችን ከፈንጣጣ በሽተኛ መግል ወስዶ፣ የጤነኛውን ክንድ በስለት ጭሮ የማስገባት ልማድ ነበረ። ያ ዘዴ ብዙዎችን ሲያድን አንዳንዶችን ደግሞ ለእውነተኛው ፈንጣጣ አጋልጧል። እንግዲህ ሕዝባችን ለክትባት ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ቀላል በሆነ በሽታ ከባዱን መከላከል እንደሚቻል ያውቃል፤ ከመከላከያው ራሱ ጉዳት ሊመጣ እንደሚችልም ያውቃል። የአረጋውያኑ ፍርሃት ባለማወቅ ብቻ የመጣ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ፈንጣጣን ለማጥፋት በአገራችን የተካሄደው ዘመቻ በጥር 1971 ተጀመረ። ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በነሐሴ 1976፣ የመጨረሻው በሽተኛ ተመዘገበ። ከባቡርና ከመኪና መንገድ ርቆ፣ ተራራውን በእግርና በበቅሎ እየወጡ ይህን ሥራ የፈጸሙት የጤና ሠራተኞች የያዙት መሣሪያ ጫፉ እንደ መንታ የተከፈለ ትንሽ መርፌ ነበር። በግንቦት 1980 የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አስታወቀ። በዚያው በ1980 የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም በኢትዮጵያ ተጀመረ፤ ይኸውም የሳንባ ነቀርሳን፣ ዘጊ አነዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ የልጅነት ልምሻንና ኩፍኝን ለመከላከል ነበር። በ2007 አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ፔንታቫለንት፣ በ2011 የሳንባ ምችን ከሚያመጡት ዋና ተሐዋስያን አንዱን የሚከላከለው የኒሞኮካል ክትባት፣ በ2013 ለከባድ ተቅማጥ የሚያጋልጠውን የሮታ ቫይረስ የሚከላከለው ጠብታ፣ በ2015 በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት፣ በ2019 ደግሞ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ተጨመሩ።

የመጡና ያልተመለሱ

ይህ ሁሉ እድገት ቢኖርም ቁጥሮቹን በጥሞና መመልከት ይገባናል። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑት ሕፃናት መካከል መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት፣ በየጊዜው በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በ2000 ከመቶ 14፣ በ2005 ከመቶ 20፣ በ2011 ከመቶ 24፣ በ2016 ከመቶ 39 ነበሩ። በ2016ቱ ጥናት የአዲስ አበባ ድርሻ ከመቶ 89 ስለ ነበረ «ይህ የእኛ ችግር አይደለም» የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የእኛ ሰፈር ነዋሪ ትናንት ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ነው፤ ከየመንደሩ ያመጣውንም ልምድ ይዞ ነው ደጃችን የሚደርሰው።

በዚያው ጥናት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚናገር አንድ ቁጥር አለ። በአገሪቱ በጠቅላላ የመጀመሪያውን ፔንታቫለንት ያገኙት ከመቶ 73 ሲሆኑ፣ ሦስተኛውን ያገኙት ከመቶ 53 ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ 20 ነው። እነዚህ 20 ሕፃናት መንገድ ያልደረሰባቸው፣ ስለ ክትባት ያልሰሙ ወላጆች ልጆች አይደሉም። እናቶቻቸው አንድ ጊዜ ደጃችንን አንኳኩተዋል፤ አይተውናል፤ ሰምተውናል፤ ከዚያም ቀርተዋል። ለመቅረታቸው ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሥራ አለ፣ ርቀት አለ፣ የመድኃኒት እጥረት አለ፣ በግጭት መፈናቀል አለ። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን በእኛው ክፍል ውስጥ፣ መርፌው በተወጋበትና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በተነገረው ወይም ባልተነገረው ቃል ላይ ይገኛል።

የእጅ ጥንቃቄ

በመጀመሪያ ስለ እጃችን። ክትባት ጤነኛ ለሆነ ሕፃን የሚሰጥ ስለሆነ፣ ለታመመ ሰው ከሚሰጠው መድኃኒት የበለጠ ጥንቃቄን ይጠይቃል። የታመመ ሰው ከመድኃኒቱ ጥቂት ጉዳት ቢያገኝ በሽታው ከዚያ ይብስ ነበር ተብሎ ይታለፍ ይሆናል፤ ስቆ የመጣ ሕፃን ግን ስቆ መመለስ አለበት።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆኑ ሦስት መራራ ትምህርቶች ከሌላው ዓለም አሉ። በመስከረም 2014 በሶርያ ኢድሊብ አውራጃ የኩፍኝ ክትባት በተሰጠበት ጊዜ 15 ሕፃናት ሞቱ። ምክንያቱ ክትባቱ አልነበረም፤ ዱቄቱን ለመበጥበጥ የተወሰደው ፈሳሽ በስሕተት ለቀዶ ሕክምና የሚያገለግል ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት ሆኖ ነበር። በግንቦት 2017 በደቡብ ሱዳን ካፖኤታ አካባቢ 15 ሕፃናት ሞቱ። በዚያ ደግሞ አንድ ሲሪንጅ ለአራት ቀን ያህል ደጋግሞ አገልግሏል፤ ክትባቱም ያለ ማቀዝቀዣ ተቀምጦ ነበር፤ ከወጊዎቹም መካከል ገና ልጆች የሆኑ ነበሩ። በሐምሌ 2018 በሳሞዋ ደሴቶች ሁለት ሕፃናት፣ እንደ ሶርያው ባለ የመበጥበጫ ስሕተት፣ ከተከተቡ በኋላ ወዲያው ሞቱ።

የሳሞዋው ነገር በዚህ አላበቃም። መንግሥት ክትባቱን ለወራት አቋረጠ፤ ወላጆችም በክትባቱ ላይ የነበራቸው እምነት ተናጋ። በ2019 መጨረሻ ኩፍኝ ወደ ደሴቶቹ በገባ ጊዜ ያልተከተቡ ሕፃናት ብዙ ሆነው ጠበቁት። ወደ 200,000 የሚጠጋ ሕዝብ ባላት በዚያች ትንሽ አገር 83 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። አንድ የተሳሳተ ብልቃጥ ሁለት ሕፃናትን ገደለ፤ ከዚያ የተወለደው ፍርሃት ደግሞ ለብዙዎች ሞት መንገድ ጠረገ። የእጅ ጥንቃቄና የወላጅ እምነት አንድ ሥራ ናቸው ስል ይህን ማለቴ ነው።

ስለሆነም የሚከተሉትን፣ ምንም እንኳ ሁላችንም የምናውቃቸው ቢሆኑ፣ ደግሜ ላነሣቸው እወዳለሁ።

ሀ) በክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ ከክትባትና ከራሱ መበጥበጫ በቀር ሌላ መድኃኒት አይቀመጥ፤ ምግብና መጠጥም እንዲሁ። ቢሲጂና ኩፍኝ በዱቄት መልክ የሚመጡ ስለሆኑ፣ የሚበጠበጡት ከዚያው ፋብሪካ አብሮ በመጣውና አስቀድሞ በቀዘቀዘው ፈሳሽ ብቻ ነው። ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከመቅዳት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከቀዱ በኋላ አንድ ጊዜ ማንበብ ከአሥር ሴኮንድ በላይ አይወስድም።

ለ) የተበጠበጠ ቢሲጂና ኩፍኝ ከስድስት ሰዓት በላይ፣ ወይም የዕለቱ ክትባት ካበቃ በኋላ፣ አይቆይም፤ ይጣላል። ለነገ ይሁነን ብሎ ማሳደር ተሐዋስያንን አብሮ ማሳደር ነው።

ሐ) ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ሙቀት እንደሚጎዳ ሁላችንም እናውቃለን፤ በረዶም የሚጎዳ መሆኑን ግን እንዘነጋለን። ፔንታቫለንት፣ የኒሞኮካል ክትባትና በመርፌ የሚሰጠው ፖሊዮ አንድ ጊዜ ከረጉ ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ቢሟሙም አይመለስላቸውም። ስለዚህ እነዚህን ከበረዶ ጋር አጣብቆ ማስቀመጥ ከፀሐይ ላይ እንደ ማስቀመጥ ሊቈጠር ይገባል።

መ) ራሱን በራሱ የሚያሰናክለው ሲሪንጅ ሁለተኛ እንዳይሠራ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከተወጋ በኋላ መርፌው ሳይከደን በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይግባ። ሣጥኑም ከሦስት አራተኛ በላይ አይሙላ። መልሶ መክደን የሚጎዳው ሕፃኑን አይደለም፤ እኛኑ ነው።

ሠ) ከክትባቱ በኋላ ሕፃኑ ቢያንስ 15 ደቂቃ በዐይናችን ሥር ይቆይ። ከባድ አለርጂ የሚደርሰው ከሚሊዮን መጠን በአንዱ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ አድሬናሊን በክፍሉ ውስጥ፣ ጊዜው ያላለፈበት፣ በሁሉም ዘንድ ቦታው የታወቀ ሆኖ መገኘት አለበት።

እናት የምታየው

እነዚህ ሁሉ ደንቦች የሚሠሩት በእናቲቱ ፊት ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎቻችን እየተቀቀለ ለብዙ ሰው ያገለግል የነበረውን መርፌ ያስታውሳሉ። ከዚያም በኋላ ስለ ኤች አይ ቪ በተሰጠው ትምህርት «የጋራ መርፌ» የሚለው ቃል በሁሉ ጆሮ ገብቷል። ስለዚህ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን አቅፈው እጃችንን በጥርጣሬ ሲከታተሉ ልንቀየም አይገባንም፤ ያስተማርናቸውን ነው የሚያደርጉት። ሲሪንጁን ከእሽጉ የምናወጣው በፊታቸው ይሁን። «እማማ፣ ይመልከቱ፤ አሁን ነው የተከፈተው፤ ለዚህ ልጅ ብቻ ነው» ማለት የሚወስደው ጊዜ ትንፋሽ ያህል ነው። ብልቃጡንም አሳይተን ስሙን ብንነግራቸው፣ ሁለተኛ ጊዜ ማንበባችን ይሆናልና ለእኛም ይበጀናል።

ሕፃኑን እናቱ በጭኗ ላይ አቅፋ ትያዘው እንጂ በሌላ ሰው እጅ ጠረጴዛ ላይ ተጫምቆ አይወጋ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ስለ ክትባት ሕመም ባወጣው ምክር ጡት የሚጠባ ሕፃን ከመወጋቱ በፊት ወይም በሚወጋበት ጊዜ እንዲጠባ፣ መርፌው ከገባ በኋላ ደም ይታይ ብሎ ወደ ኋላ መሳብ እንዲቀር፣ ይበልጥ የሚያመውም መርፌ በመጨረሻ እንዲሆን አሳስቧል። ጠብታዎቹ በመጀመሪያ፣ መርፌዎቹ ቀጥለው ቢሰጡ ሕፃኑ እያለቀሰ ጠብታውን አይተፋውም። ይህ ሁሉ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም።

የአንደበት ጥንቃቄ

አሁን ወደ ቃላችን ልመለስ። በክትባት ክፍሎቻችን ዘወትር የሚሰማው ማጽናኛ «አያመውም፣ ምንም አይሆንም» የሚል ነው። ይህ ቃል ከደግነት የመነጨ ቢሆንም ይጎዳል። ሕፃኑ በዚያችው ደቂቃ ያለቅሳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍል ውሸት ሆነ። ሌሊት ደግሞ ሰውነቱ ይሞቃል፤ ስለዚህ ሁለተኛውም ክፍል ውሸት ሆነ። እናቲቱም «ሲስተር ምንም አይሆንም ብላኝ ነበር፤ እንግዲህ ይህ ትኩሳት እርሷም ያልጠበቀችው ክፉ ነገር ነው» ብላ ታስባለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ እግሯ ይከብዳታል። ትኩሳቱ አስቀድሞ ተነግሯት ቢሆን ኖሮ ግን ያው ትኩሳት የሲስተሯ ቃል እውነት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ይሆንላት ነበር። አንድ ዓይነት ትኩሳት፣ እንደ ተነገረው ቃል፣ እምነትን ያፈርሳል ወይም ይገነባል።

ስለዚህ በስድስተኛው ሳምንት ለመጣች እናት ልንነግራት የሚገባውን፣ ለምሳሌ ያህል፣ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

«እኅቴ፣ ልጅሽ ዛሬ በአንዱ ጭኑ አምስት በሽታዎችን የሚከላከል፣ በሌላው ጭኑ ደግሞ የሳንባ ምችን የሚከላከል መርፌ ይወጋል፤ በአፉም ሁለት ዓይነት ጠብታ ይወስዳል። ሲወጋ ያለቅሳል፤ ስታጠቢው ይተዋል። ዛሬ ማታ ወይም ነገ ሰውነቱ ሊሞቅ፣ የተወጋበትም ቦታ ሊቀላና ሊያብጥ ይችላል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቀዋል። ቶሎ ቶሎ አጥቢው፤ በብርድ ልብስ ደራርበሽ አትጠቅልዪው፤ የተወጋበት ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አትቀቢ። ጡት እንቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሦስት ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ ካለቀሰ ወይም ትኩሳቱ ሁለት ቀን ካለፈው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ይዘሽው ሂጂ። የሚቀጥለው ቀጠሮሽ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው፤ ቀኑን ካርዱ ላይ ጽፌልሻለሁ። ብትዘገዪም እንኳ ነዪ፤ ካቆመበት እንቀጥላለን እንጂ እንደ ገና አይጀመርም።»

ይህን ቀስ ብሎ ለመናገር ከአንድ ተኩል ደቂቃ አይበልጥም። ለእያንዳንዱ ክትባት ደግሞ የራሱ እውነት አለው። ቢሲጂ ከተሰጠ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክንዱ ላይ እባጭ ይወጣል፤ ይቈስላል፤ ጠባሳ ትቶ ይድናል። ይህን ያልተነገራት እናት ቁስሉን «መርፌው አመረቀዘ» ብላ ታየዋለች፤ መድኃኒትም ትቀባበታለች። ኩፍኝ ከተከተበ ከሳምንት በኋላ ገደማ አንዳንዱ ሕፃን ትኩሳትና ቀለል ያለ ሽፍታ ይታይበታል። «ተከትቦ እያለ ኩፍኝ ወጣበት» የሚባለው ወሬ አንዳንድ ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ነው። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት ከመቶ ሕፃናት 85 ያህሉን እንጂ ሁሉንም እንደማይከላከል፣ በ15 ወር ሁለተኛው የተጨመረውም ለዚህ መሆኑን በግልጽ ብንናገር እምነት አይቀንስም፤ ለሁለተኛውም ቀጠሮ ምክንያት ይሆናል።

የአርባ ቀንና የሰማንያ ቀን ነገር

የቀጠሮ ነገር ከተነሣ፣ የእኛን ሰፈር በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር ላንሣ። የመጀመሪያው የፔንታቫለንት ቀጠሮ ስድስተኛው ሳምንት፣ ማለትም 42ኛው ቀን ነው። ሁለተኛው በዐሥረኛው ሳምንት፣ በ70ኛው ቀን፣ ሦስተኛውም በዐሥራ አራተኛው ሳምንት፣ በ98ኛው ቀን ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ብዙ እናቶችም ከዚያ በፊት ከቤት መውጣትን አይወዱም። በእስላም ቤተሰብም ዘንድ አራስ እስከ 40 ቀን ከቤት የመቆየት ልማድ አላት።

ስሌቱን እንመልከት። የወንዱ ልጅ ቀጠሮ ክርስትናው በተነሣ በሁለተኛው ቀን ይውላል፤ «ክርስትናው በተነሣ ማግስት ዕረፊ፣ በሁለተኛው ቀን ነዪ» ቢባል እናት አትረሳውም። የሴቷ ግን ከባድ ነው፤ ሁለቱ ቀጠሮዎቿ ከክርስትናዋ በፊት ይውላሉ። ይህን ሳናስተውል ቀኑን ብቻ ካርዱ ላይ ጽፈን ብንሰጥ፣ እናቲቱ አክብራን ዝም ትልና በሰማንያው ቀን ማግስት ትመጣለች። የ70ኛው ቀን ቀጠሮ እንዲያው ያመልጣል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ «ለምን ዘገየሽ» የሚል ቍጣ ይጠብቃታል። ስለሆነም ለሴት ልጅ እናት ገና በወሊድ ጊዜ፣ ቢሲጂና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ በሚሰጥበት ሰዓት፣ ነገሩን አንሥተን ከእርሷና ከቤተሰቧ ጋር መነጋገር ይገባል። ትክትክ የሚገድለው ከሁሉ ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያሉትን ሕፃናት ስለሆነ ሰማንያ ቀን መጠበቅ ረጅም መሆኑን ማስረዳት እንችላለን። ወደ ክሊኒክ ለሕክምና መውጣት ከሥርዓቱ ጋር አይጋጭም ብለው የሚያስረዱ ካህናትም ቢያግዙን ቃላቸው ከእኛ ቃል ይልቅ ይሰማል።

የሚወስነው ማን ነው?

ካርዱን የያዘው ሰው ሁልጊዜ የሚወስነው ሰው አይደለም። የቤት ሠራተኛ ይዛው ስትመጣ ምክራችን በመንገድ ይጠፋል፤ እናት ማታ ስትገባ የምታገኘው የሚያለቅስና የሚሞቅ ልጅ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ የእናቲቱን ስልክ ተቀብሎ ደውሎ መናገር፣ ወይም በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፎ መላክ ይበጃል። አባት አብሮ ሲመጣም «በውጭ ጠብቅ» አንበለው፤ ሌሊት ላይ «ለምን አስወጋሽው?» የሚለው ሰው በዐይኑ ያየ ይሁን።

ወሬን በተመለከተ፣ በሩቅ የተነሣ ወሬ እስከ እኛ እንደሚደርስ ታሪክ ያስተምራል። በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ የፖሊዮ ጠብታ ልጆችን ያመክናል የሚል ወሬ ተነሥቶ በካኖ ክትባቱ ተቋረጠ። ከዚያ የተነሣው ቫይረስ ብዙ አገሮችን አዳርሶ፣ በሱዳን በኩል አልፎ፣ ከፖሊዮ ነፃ ሆና ወደ ቆየችው ወደ አገራችን ገባ። ዛሬ ደግሞ ወሬ የቫይረስን ያህል ጊዜ አይፈጅበትም፤ በእናት እጅ ባለው ስልክ በደቂቃ ይደርሳል። ከውጭ አገር ያለች እኅቷ «ክትባት ኦቲዝም ያመጣል ይባላል» ብላ የላከችላት መልእክት መነሻው በ1998 በእንግሊዝ አገር የወጣ ጽሑፍ ነው፤ ያንኑ ጽሑፍ ያወጣው የሕክምና መጽሔት በ2010 ሰርዞታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልን መሳቅ ወይም መቈጣት አይገባም። በመጀመሪያ «ምን ሰማሽ?» ብሎ እስከ መጨረሻው ማዳመጥ፣ ቀጥሎ የምናውቀውን ባጭሩ መንገር፣ በመጨረሻም ውሳኔውን ለእርሷ መተው ነው። ዛሬ እንቢ ብላ በክብር የተሸኘች እናት ነገ ልትመለስ ትችላለች፤ ተሰድባ የተከተበች ግን ለቀጣዩ አትመጣም።

ክፉ ነገር ሲደርስ

ከክትባት በኋላ ሕፃን ቢታመም፣ ሕመሙ ከክትባቱ ይሁን ከሌላ ወዲያው ላይታወቅ ይችላል። ሕፃናት በዚህ ዕድሜ በብዙ ምክንያት ይታመማሉ። ቢሆንም «ከእኛ አይደለም» ብሎ ከማየት በፊት መመለስ ከሁሉ የከፋ መልስ ነው። ሕፃኑ በቅድሚያ ይታከም፤ ብልቃጡና መለያ ቍጥሩ ይጠበቅ፤ ሪፖርቱ ለበላይ አካልና እንደዚህ ያለውን መረጃ ለሚቀበለው ለኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ይድረስ፤ ወላጆችም የምርመራውን ውጤት ይነገራቸው። በሳሞዋ የታየው ጉዳት የሚያስተምረን ዝምታ በቆየ ቍጥር ፍርሃቱ የሚሰፋ መሆኑን ነው።

ማሳሰቢያ

ንግግሬን ከመደምደሜ በፊት ለማኅበራችን አባላት ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ «ብልቃጡ ለአንድ ልጅ አይከፈትም፤ ሌሎች እስኪመጡ ሌላ ቀን ነዪ» ብሎ እናትን መመለስ ይቅር። ቀሪውን መጠን መጣል ያሳዝናል፤ ነገር ግን የተጣለው ክትባት ይተካል፤ በኩፍኝ የሞተ ሕፃን አይተካም። በታክሲ ተሳፍራ፣ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ የመጣችውን እናት መመለስ ለመቅረት ማለማመድ ነው።

ሁለተኛ፣ ጉንፋን የያዘው፣ መጠነኛ ተቅማጥ ያለበት ወይም የቀጨጨ ሕፃን በዚህ ምክንያት አይመለስ። የቀጨጨው እንዲያውም ከሌላው ይልቅ ክትባቱን ይሻል።

ሦስተኛ፣ በየክሊኒኩ የተከተቡትን ብቻ ሳይሆን የተመለሱትን እንቍጠር። በየወሩ መጨረሻ መዝገቡን ገልጠን፣ የመጀመሪያውን ወስደው ለሁለተኛው ያልመጡትን ስም በአንድ ገጽ እናውጣ፤ ስልክ እንደውልላቸው። ስንደውልም «ለምን ቀረሽ?» ሳይሆን «ልጁ እንዴት ነው? ባለፈው ጊዜ ምን ገጠመው?» ብለን እንጀምር። ከሚሰጡን መልስ ስለ ሥራችን ከማንኛውም ስብሰባ የበለጠ እንማራለን።

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን ቃል በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ጽፈን ለወላጆች ስናስተምርበት ኖረናል። ቃሉ በግድግዳው ፊት ለፊት ለምንቆመው ለእኛም የተጻፈ ነው። እጃችን አስቀድሞ ከተጠነቀቀ፣ አንደበታችንም እውነቱን አስቀድሞ ከተናገረ፣ በዐሥረኛው ሳምንት በሩን ከፍታ የምትገባው እናት ስለ ሁለቱም ትመሰክርልናለች።